ጎረቤት ፊደላት

ኤልዳና ሽፈራው ታክሲ ውስጥ ሆና «ወራጅ አለ» ብላ ጻፈች። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው አንደበት «ወራሽ አለ» አለ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ታክሲው ሾፌር ስላልነበረው አልሳቀም፤ አልቆመምም። ኤልዳና የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርዳ የመጣችበትን መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር የዕለት ኑሮዋ ሆኗል። ዳቦ ቤት ገብታ «ትኩስ ነው?» ብላ ስትጽፍ አንደበቱ «ትክክል ነው» ይላል፤ ሻጯም ያደረውን ዳቦ ትጠቀልልላታለች። ለጎረቤቷ «ልጅሽ ተሻለው?» ብላ ጽፋ፣ አንደበቱ «ልጅሽ ተሸጠ?» ብሎ ደረጃው ላይ በመጮኹ፣ ጎረቤቷ እስከ ዛሬ ፊት ነስታታለች። ማንንም ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ተሳስተሽ ነክተሽ ይሆናል።»

ኤልዳና ድምፅ አልባ ሆና አልተወለደችም። በቀይ ዋርካ ከተማ፣ በትልቁ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ በደጉ ጊዜ ከስፌት መኪናዋ ይልቅ ርቆ የሚሰማው የእሷ ወሬና ሳቅ ነበር። ሐኪሞች ከጉሮሮዋ እብጠት ሲያወጡ ድምፅዋም አብሮ ወጣ። ከሆስፒታል ስትሰናበት አንደበት አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ጣት ሲጽፍበት የሚናገር፣ መዳፍ የሚያህል ቀጭን ነገር ነው። የፊደል ገበታ ምረጪ ሲሏት በልጅነቷ ትምህርት ቤት የለመደችውን መረጠች፤ ከሀ ጀምሮ ፊደሎቹን በተራቸው የደረደረውን። እጇ ያውቀዋል፤ ሳታይ ትጽፍበታለች። ለዓመታት የጻፈችውን ተናገረላት። የራሷን ድምፅ ባያህልም ይበቃት ነበር።

በዚያን ጊዜም ቢሆን ሳይታረም ሰው ጋ የሚደርስ ጽሑፍ አልነበረም። ማመልከቻው፣ የሐኪም ትእዛዙ፣ የፍቅር መልእክቱ ሁሉ በቃል እርማት ባለሥልጣን አራሚ ማሽን በኩል ያልፋል። ፍርድ ቤት በአፍ መናገርም ከቀረ ቆይቷል። በአፍ የተባለ ነገር «ብለሃል፣ አላልኩም» እያሰኘ ችሎት ያጓትታል ተብሎ፣ ከሳሹም ተከሳሹም ምስክሩም ይጽፋል፤ አራሚው ያስተካክላል፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የተስተካከለው ብቻ ነው። ሕጉ አጭር ነው። የታረመው ቃል ቃል ነው ይላል።

ኅዳር ላይ አንድ ረፋድ፣ ኤልዳና የአንድ ሱሪ ወገብ እየፈታች ሳለ፣ በሯ ፊት ለፊት ሰው ሞተ።

የሞተው ናሁሰናይ የሚባል ካልሲ ሻጭ ወጣት ነው። ሱቅ አልነበረውም። ካልሲውን ክንዱ ላይ ደርድሮ ደረጃው አናት ላይ ይቆማል፤ የሕንፃው ጥበቃ ሲመጣ ይወርዳል፣ ጥበቃው ሲሄድ ይወጣል። ከኤልዳና ጋር ይግባባሉ። አንደበቱ የማይረባ ነገር በተናገረ ቁጥር «እትዬ፣ ይሄ ነገርዎ ጠጥቶ ነው የሚያድረው?» እያለ ያስቃት ነበር።

የዚያን ዕለት ጥበቃው ያፌት በሌላኛው ደረጃ ዞሮ ከጀርባው መጣ። ናሁሰናይ ካልሲዎቹን ሰብስቦ «እሺ ጋሼ፣ እየወረድኩ ነው» አለ። ፊቱን ወደ ጥበቃው እንዳዞረ ወደ ደረጃው አንድ እርምጃም ሄዶ ነበር። ኤልዳና መቀሷን እንደያዘች ቀና አለች። ያፌት ሁለት እጁን ዘርግቶ የልጁን ደረት ገፋ። ናሁሰናይ በጀርባው ሄደ፤ የደረጃውን ብረት ሊይዝ እጁን ወረወረ፣ አልደረሰበትም። ካልሲዎቹ ከእሱ በኋላ አንድ በአንድ ወረዱ።

ያፌት ለፖሊስ «አዳልጦት ነው፤ ልይዘው ስል አመለጠኝ» አለ። የፎቁ ካሜራ የሱቆቹን በር እንጂ ደረጃውን አያይም። ያየችው ኤልዳና ብቻ ነበረች።

የልጁ እናት ወይዘሮ ሶስና የኤልዳና እኩያ ናት፤ ናሁሰናይን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ለቅሶው ላይ ኤልዳና ስትገባ ከፍራሹ ተነሥታ አቀፈቻት።

«አይተሻል አሉኝ» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «ያየሽውን ብቻ ተናገሪልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

ኤልዳና አንደበቱን ልትነካ አሰበችና ተወችው። ምን እንደሚልባት አታውቅም። የሶስናን እጅ ይዛ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

የምስክርነቱ ቀን ችሎቱ ሙሉ ነበር። ዳኛ በእምነት ከመስታወት ጠረጴዛቸው ጀርባ ሆነው ያየችውን እንድትጽፍ ጠየቋት። ኤልዳና ያፌትን አየችው። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ከዚያ ጽፋ ጨረሰች። አጭር ነበር። ልጁ ልውረድ አለ፣ ጥበቃው ልጁን ገፋው፣ ልጁ ወደቀ።

አንደበቱ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «ልጁ ልውረድ አለ። ጥበቃው ልጁን ደገፈው። ልጁ ወደቀ።»

ኤልዳና የሰማችውን አላመነችም። አጥፍታ እንደገና ጻፈችው፤ ገፋው።

«ደገፈው» አለ አንደበቱ።

አንገቷን በኃይል ነቀነቀች። ጣቷን ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ እየነካች ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈች።

«ደገፈው።»

ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ መብራት በራ።

«ምስክሯ ቃላቸውን ደጋግመው አረጋግጠዋል» አሉ ዳኛው። «ተመዝግቧል።»

ኤልዳና ሁለት እጇን አየር ላይ እየገፋች አሳየች። ያፌትን ጠቆመች፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወደ ኋላ ተንገዳገደች። አንድ የችሎት ሠራተኛ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

«እናቴ፣ የእጅ ምልክት አይመዘገብም» አላት በትህትና። «ይቀመጡ።»

የያፌት ጠበቃ ፈገግ አለ። ሶስና ግን ኤልዳናን ነበር የምታየው። አታለቅስም። እንደ ጠላት እንኳ አላየቻትም፤ ከጫማዋ ሥር እንዳገኘችው ነገር ነው ያየቻት።

በማግስቱ ኤልዳና በልብስ ማስመሪያ ጠመኔዋ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጻፈች፤ «ገፋው። አይቻለሁ። ማሽኑ ነው።» ጨርቁን ይዛ ሶስና በር ላይ ቆመች። ሶስና በሩን ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«በችሎት ሌላ፣ በደጄ ሌላ!» አለች። «እዚያ፣ ሰው ሁሉ ፊት ልጄን የገደለውን ደጋፊ አደረግሽው። እዚህ መጥተሽ ለእኔ ለብቻዬ ታለቃቅሻለሽ። ማንን ፈርተሽ ነው? ንገሪኝ እስቲ፣ ማንን?»

ኤልዳና አፏን ከፈተች። አየር ብቻ ወጣ።

«ሂጂልኝ ከበሬ» አለች ሶስና፤ በሩንም ዘጋችው።

ኤልዳና ቤቷ አልተመለሰችም። ጨርቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በቀጥታ ወደ ቃል እርማት ባለሥልጣን ሄደች።

መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ሰው የሚያወራ የለም። ሁሉም ይጽፋል፤ ግድግዳዎቹ ላይ የታረሙ ቃላት በቀስታ ያልፋሉ። ረጅም ጊዜ ከጠበቀች በኋላ ሩሐማ የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለቻት። ሩሐማ አንደበቷን ተቀብላ ከራሷ ማሽን ጋር አገናኘችው።

«የተቸገሩበትን ቃል ይጻፉልኝ እትዬ።»

ኤልዳና ጻፈች። አንደበቱ «ደገፈው» አለ። ሩሐማ የራሷን ማሽን አየች። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«እዚህ ጥሬው ይታየኛል» አለች። «እርስዎ የጻፉት ገፋው ነው።»

ኤልዳና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ከመሰከረችበት ቀን ጀምሮ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ይሄ ነበር።

ሩሐማ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳቻት። አራሚው የሚያየው ፊደሉን አይደለም፤ ጣት ያረፈበትን ቦታ ነው። ሰው ሲጽፍ አጠገብ ያለውን ፊደል ሊነካ ወይም ሊዘል ስለሚችል፣ ቦታውን አይቶ ጎረቤቶቹን ይጠረጥራል፤ ከዚያ ብዙ ሰው የሚጽፈውን ቃል ይመርጣል።

«በእርስዎ ገበታ ገ የሚጎራበተው ከጀ እና ከጠ ጋር ነው። በአዲሱ ገበታ ግን ገ እና ደ ጎን ለጎን ናቸው። መስከረም ላይ አራሚው ለሁሉም ሰው በአዲሱ ገበታ እንዲያስብ ተደረገ። እርስዎ በነባሩ ይጽፋሉ፣ እሱ አዲሱን እያየ ያርምዎታል። ገፋውን ሲያይ ደ ዘልላ ነው ይላል። ጥበቃ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ደግሞ ሰው የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ደገፈው ነው።» ቀጥላም «ወራሽ አለ የሚልብዎትም ለዚያ ነው» አለች፤ ኤልዳና ስለ ታክሲው ምንም ሳትነግራት።

ኤልዳና ገባት። ታዲያ ያውቃሉ ማለት ነው። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ያውቃሉም። አራሚውን እንድታጠፋላት «ዝጊልኝ» ብላ ጻፈች። አንደበቱ «ዝግጁ ነኝ» አለ። ሩሐማ ከማሽኗ ላይ ጥሬውን አነበበች።

«መዝጋት አልችልም። ያልታረመ ቃል ማሰራጨት ያስቀጣል።»

«አዲሱን ገበታ ልልመድ?» ብላ ጻፈች ኤልዳና።

«አሁን ቢለምዱም አይጠቅምዎትም» አለች ሩሐማ፤ ዓይኗን ሰብራ። «ምስክርነትዎ ተመዝግቧል። አራሚው ሰው የተናገረውን እንዳያፋልስ የተመዘገበውን ያስታውሳል። በየትኛውም ገበታ ቢጽፉት ወደዚያው ይመልሰዋል።»

«እንግዲያው ያየሽውን ለዳኛው ንገሪ።»

ሩሐማ ይህንንም ከማሽኗ ላይ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ የክፍሉን ኃላፊ አቶ ናታንን ጠርታ መጣች። አቶ ናታን እግሩን አጣምሮ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ልብ የሚያረጋ በሚመስል ድምፅ አናገራት።

«እናቴ፣ ችግርዎ ገብቶናል። ነገር ግን ስሕተት የሚባል ነገር የለም። ነባሩን ገበታ የያዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ለጥቂቶች ተብሎ የሕዝቡ አራሚ አይነካካም። ጥሬ ቃል ደግሞ ከዚህ ቢሮ አይወጣም።»

«ሰው ሞቷል» ብላ ጻፈች ኤልዳና።

አንደበቱ «ሰው ሞልቷል» አለ።

አቶ ናታን ወደ ውጭው ወረፋ ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ዛሬ ወረፋው በዝቷል።»

ሩሐማ ከንፈሯን ነከሰች። «አቶ ናታን፣ ሞቷል ነው የሚሉት» አለች ቀስ ብላ።

«ሰምቻለሁ» አለ። ድምፁ አሁንም አልተለወጠም። «አንቺም ስሚኝ። ይህችን አንዲት ቃል በጽሑፍ ካመንን፣ ከመስከረም ወዲህ በነባሩ ገበታ የተመሰከረው፣ የተፈረመው፣ የተፈረደው ሁሉ ይከፈታል። ያንን ልትሸከሚ ነው?» ከዚያ ለኤልዳና እጁን ዘረጋላት። «ስለጎበኙን እናመሰግናለን።»

እጁን አልጨበጠችውም። አንደበቷን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ስድብ ትጽፍ ነበር፤ በሕይወቷ ተናግራ የማታውቀውን ስድብ። አንደበቱ ለአላፊ አግዳሚው «መልካም ቀን» ይል ነበር።

ከፍርዱ በፊት ምስክሮች ቃላቸውን የሚያጸኑበት ቀጠሮ አለ። ኤልዳና እንደማይረባት እያወቀች ሄደች። ብትቀር በራሷ ፈቃድ ዝም ያለች ያህል ይሆናል፤ ያንን ግን ለያፌት ልትሰጠው አልፈለገችም።

በዚያ ቀን ሶስና ከፊተኛው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ከምስክር ሳጥኑ በክንድ ርቀት ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ጥበቃው ልጁን ደገፈው ብለዋል» አሉ ዳኛው። «ይጸናል?»

ኤልዳና አንደበቱን ከአንገቷ አውልቃ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ፣ ለሁሉም እንዲታይ አድርጋ አጋደመችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች፤ በቀስታ፣ ከንፈሯንም እያንቀሳቀሰች።

ገፋው።

«ደገፈው» አለ አንደበቱ።

ገፈተረው።

«ደገፈው።»

ገደለው።

«ደገፈው።»

ጠበቃው «ክቡር ዳኛ፣ ምስክሯ ቃላቸውን አጽንተዋል» አለ። ሰማያዊው መብራት በራ።

ኤልዳና መጻፍ ስትጀምር ሶስና ፊቷን ከግድግዳው መልሳ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየችው አንደበቱን አልነበረም፤ የኤልዳናን ጣት ነው። ጣቱ ሦስት ጊዜ ያረፈበትን ቦታ አየች። ያንን ቦታ የገዛ እጇ ያውቀዋል። እሷም በልጅነቷ ትምህርት ቤት፣ በዚያው ገበታ፣ ጣቷን በማስመሪያ እየተመታች ነው የለመደችው።

«ገ ነው የነካችው!» አለች፤ ብድግ ብላ።

ችሎቱ ውስጥ ባለጉዳይ በአፉ ሲናገር ከተሰማ ዘመናት አልፈዋል። ወጣቶቹ ደነገጡ። አንዷ ጆሮዋን ያዘች።

«ወይዘሮ፣ ይቀመጡ» አሉ ዳኛው።

«አልቀመጥም! ጣቷን እዩት እንጂ! እኔም በዚህ ገበታ ነው የተማርኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ገ ነክታ ነው እሱ ደ የሚለው። ገፋው ነው የምትለው። ልጄን ገፋው ነው የምትላችሁ!»

ኤልዳና ሁለቱን እጆቿን አፏ ላይ ጫነች።

ዳኛ በእምነት አንደበቱን አዩት። ጣታቸውን ወደ ጠረጴዛቸው ሰደዱ፤ መልሰው አነሡት። የእሳቸውም ዕድሜ ገበታውን ከሚያውቁት ወገን እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

«በአፍ የተባለ አይመዘገብም» አሉ በመጨረሻ። ማንንም ሳያዩ ነበር የተናገሩት። «የታረመው ቃል ጸንቷል።»

ያፌት በዚያው ሳምንት ነጻ ወጣ። አሁን ሌላ ሕንፃ ይጠብቃል።

ሶስና ከችሎቱ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ ኤልዳናን ጠበቀቻት። ነጠላዋን አጠፈችው፤ ፈታችው።

«በሬ ላይ ቆመሽ አባረርኩሽ» አለች። «ጨርቁን ይዘሽ።»

ኤልዳና ራሷን ነቀነቀች፤ ተይው እንደማለት። አንደበቱን ልታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ ሶስና ያዘቻት።

«ተይው እሱን። በከንፈርሽ ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ ካልሽው አየዋለሁ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ኤልዳና ያየችውን ሁሉ ድምፅ በሌለው አፏ ነገረቻት፤ ልጁ ልውረድ ማለቱን፣ ጋሼ ብሎ መጥራቱን፣ እጁ ብረቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው። ሶስና ከንፈሯን እየተከተለች ቃሉን ሁሉ ጮክ ብላ ደገመችው። «ጋሼ» የሚለው ላይ ስትደርስ ብቻ ድምፅዋ ከዳት።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሁለቱም የቃል እርማት ባለሥልጣን በር ላይ ቆሙ። ኤልዳና በከንፈሯ ትናገራለች፤ ሶስና ትጮኻለች። «መስከረም ላይ ገበታውን ቀየራችሁ! ታውቃላችሁ! ያፌት ልጁን ገፋው!» የሚገቡት ሠራተኞች አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ማክሰኞም መጡ፤ ረቡዕም። ሐሙስ ዕለት አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆሙ፤ «አልሸጥም» ብለው ጽፈው ቤታቸው የተሸጠባቸው ናቸው። ቀጥሎ መድኃኒት ተሳስቶ የተሰጣት ሴት መጣች። ቀጥሎ፣ አንደበታቸውን ከአንገታቸው አውልቀው እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣት የያዙ የነባሩ ገበታ ሰዎች መጡ። ሶስና የእያንዳንዱን ከንፈር ታያለች፤ ቃላቸውን አንድም ሳታለዝብ ታወጣዋለች። የባለሥልጣኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሩሐማ መስኮቷን ከፍታ አዳመጠች። አንድ ቀን መታወቂያዋን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ወረደች፤ ሰዎቹ መሃል ገብታ በራሷ አፍ «እኔ አይቻለሁ፣ ገፋው ነው የጻፉት» አለች። ድምፅዋ መጮኽ ያልለመደ፣ የሰለለ ነበር።

ባለሥልጣኑ መግለጫ አወጣ። ነባሩን ገበታ ለሚጠቀሙ ወገኖች ያለውን አክብሮት ገልጾ፣ ገበታው ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንደሚቋረጥ አስታወቀ።

መግለጫው በወጣ ጠዋት የሕንፃው ጥበቃ ወደ ሶስና መጣ። ወጣት ነው፤ የታዘዘውን ለመናገር አፍሯል።

«እናቴ» አላት፣ «ይጩኹ፣ ግድ የለም። ግን ላይ ያሉት ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልን ብለዋል።»

ሶስና ኤልዳናን አየቻት። ኤልዳና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ዝቅ አይልም በልልኝ» አለች ሶስና። «የሁለት ሰው ድምፅ ነው።»